ታቅፋ አልነሳም ላለች ዶሮ ምን ይደረግ? (የአድማጮች ጥያቄና መልስ)

ከደሴ ሆጤ የደወሉ እናት፦ ሀበሻ ዶሮ ነች ያለችኝ፣ እንቁላሉን ከስሯ ባነሳውም ባዶውን እንቅብ ታቅፋ አልነሳም አለች፣ ስጠጋት ላባዋን ነፍታ ትቆጣኛለች። ጎረቤቶቼ ቁልቁል ስቀያት ይሉኛል፣ አንዷ ደግሞ ላባ በአፍንጫዋ አሳልፊባት አለችኝ። እውነት ይሰራል?

መልስ፦ እናቴ፣ ላባውም መስቀሉም ውሃ ውስጥ መንከሩም ድሮም የነበረ ነው፣ አንዳንዴም ትነሳለች፣ ግን የምትነሳው ተሰቃይታ ነው፣ እኔ አልመክርም፣ በዚህ በደሴ ብርድ መንከሩንማ ተዉት። መታቀፍ በሽታ አይደለም። ፕሮላክቲን የሚባል ሆርሞን ሲበዛባት እንቁላል መጣል ታቆማለች፣ የሆዷ ላባ ይሳሳል፣ ቆዳዋ ይሞቃል፣ እና ያ ሆድ ጭድ ላይ ተመችቶት እስከተኛ ድረስ ፀባይዋ አይለቃትም። ስለዚህ ሥራው ሆዷን ማቀዝቀዝ ነው በቃ። የቲማቲም ሳጥን አለ አይደል፣ ጣውላው ክፍት ክፍት የሆነው፣ እሱን ሁለት ድንጋይ ላይ አስቀምጡትና ከስር አየር እንዲገባ አድርጉ፣ ጭድ ጨርቅ ምናምን እንዳታነጥፉ፣ ውሃና ጥሬ አስገቡላትና ከላይ በሽቦ ሸፍኑት። ቀን ብርሃን ያለበት ቦታ ትዋል፣ ማታ ግን ከነሳጥኗ ወደ ቤት አስገቧት ሸለምጥማጡም ብርዱም አለ። በ3ኛው ቀን ልቀቋትና እዩ፣ ከሌሎቹ ጋር መጫር ከጀመረች አለቀ፣ በቀጥታ ወደ እንቅቡ ከሮጠች ተመልሳ ትግባ። ቶሎ ከጀመሩት ቶሎ ይለቃታል፣ ሁለት ሳምንት ከቆየች በኋላ ከሆነ ግን ይለፋል። እንቁላሉን ደግሞ ወዲያው አትጠብቁ፣ ሳምንት ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ከሰፈር ዘዴ እኔ የምወደው ጎረቤት ቤት ወስዶ ማሳደሩን ነው፣ ቦታው እንግዳ ሲሆንባት ትረሳዋለች፣ ብቻ ጎረቤትየው ዶሮ ወጥ እንዳይሰራባት (ሳቅ)።

ዝም ልበላት ካሉ ግን ትጎዳለች። የታቀፈች ዶሮ ለመብላት የምትነሳው በቀን አንዴ ቢሆን ነው፣ ትከሳለች፣ ቅማልም ይወራታል።

ከኮምቦልቻ ወንድማችን፦ ቦቫንስ ዶሮዎች አሉኝ፣ አንዷም አትታቀፍም። የጎረቤቴ ሀበሻ ታቅፋለችና የኔን እንቁላል ባስታቅፋት ጫጩት ይወጣል?

መልስ፦ መጀመሪያ አውራ ዶሮ አለህ ወይ? ከሌለህ 21 ቀን ቀርቶ ዓመት ብትታቀፈው አይፈለፈልም። ቦቫንስ ለእንቁላል ተብላ የተዳቀለች ስለሆነች የመታቀፍ ፀባይ ብዙም የላትም፣ አውራ ቢኖርህም የሚወጣው ጫጩት እንደ እናቱ እንቁላል አይጥልም፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። የተሻለው አውራ ካለበት ቤት ከተጣለ ሳምንት ያላለፈው እንቁላል ፈልገህ 10 ወይ 12 ማስታቀፍ ነው፣ እንደ ዶሮዋ ግዝፈት፣ ካበዛኸው ዳር ዳር ያለው ይቀዘቅዛል። በ7ኛው ቀን ማታ የሞባይልህን ፍላሽ እንቁላሉ ላይ አብራ፣ እንደ ክር ቀያይ የደም ስር ከታየህ ጥሩ፣ ጥርት ብሎ ከታየህ አውጣው። የመጨረሻዎቹን 3 ቀን ግን እንዳትነካካው። ከተፈለፈሉ በኋላ ፈንግል ለሚባለው የዶሮ በሽታ ክትባት ጠይቅ፣ ያለሱ በሽታው ልፋትህን በአንድ ሳምንት ይጠርግልሃል።

ከደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር በመልእክት የደረሰን፦ ሌሎቹ ዶሮዎች እሷ ያቀፈችው ላይ እየመጡ ይጥላሉ፣ የቱ አዲስ እንደሆነ ጠፋኝ።

መልስ፦ ያስታቀፍሽውን በሙሉ በእርሳስ ክብ አድርገሽ ምልክት አድርጊበት፣ ምልክት የሌለውን በየቀኑ ስትነሳ ጠብቀሽ አንሺው። የሚቻልሽ ከሆነ ጨለም ያለ ለብቻዋ የሆነ ቦታ ስጫት፣ ስታዛውሪያት በማታ ይሁን፣ በቀን ካዛወርሻት ተመልሳ ትመጣለች። እና ደሴ ስለሆንሽ አንድ ልጨምርልሽ፣ ሐምሌና ነሐሴ እንዲፈለፈል አታስታቅፊ፣ ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ያለና ሞቅ ያለ ስለሆነ ይሻላቸዋል፣ እዚህ ግን ዝናቡና ጭጋጉ ጫጩት ይጨርሳል። አሁን ታቅፋ ከሆነና ክረምት ከገባ ቅድም ያልኩትን ሳጥን ተጠቀሚ፣ መስከረም ከጠባ በኋላ ራሷ መልሳ ትታቀፍልሻለች።