ቀለሙን ትታችሁ ፊቱን እዩ

እንደምን ዋላችሁ፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ። ቅዳሜያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ «ስለምትሰበስቢያቸው አሻንጉሊቶች ንገሪን» ሲሉኝ ሦስቱን ይዤ መጣሁ። እዚያ ጠረጴዛው ላይ በነጭ ጨርቅ ተሸፍነው ታዩዋቸዋላችሁ። ትንሽ ቆይተን እንገልጣቸዋለን።

መጀመሪያ ምን እንደሆኑ ልንገራችሁ። ባለ ኳስ መገጣጠሚያ አሻንጉሊት ይባላሉ፤ እኛ ሰብሳቢዎቹ ባጭሩ ቢጄዲ እንላቸዋለን። ትከሻቸው፣ ክርናቸው፣ ጉልበታቸውና ቁርጭምጭሚታቸው ላይ እንደ ኳስ የተድበለበለ ነገር አለ። ያ ኳስ ጎድጎድ ብሎ በተሠራለት ቦታ ይቀመጣል። ገላቸው ውስጡ ባዶ ነው። በዚያ ባዶ ውስጥ ከራስ እስከ እግር ወፍራም ላስቲክ ያልፋል፤ ጫፉም በመንጠቆ ይያዛል። አካላቱን አንድ ላይ የያዘው ያ የተወጠረ ላስቲክ ብቻ ነው። የተሠሩት ሬዚን ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ስታነሷቸው ከምትጠብቁት በላይ ይከብዳሉ። ሬዚን ከወደቀ ይሰበራል፤ ጣታቸው ደግሞ በጣም ቀጭን ነው። የትንሽ ልጅ መጫወቻ አይደሉም፤ እንደ ሥዕል ወይም እንደ ቅርጻ ቅርጽ የሚያዙ የአዋቂ ዕቃዎች ናቸው።

መገጣጠሚያው ራሱ የቆየ ነገር ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ መገጣጠሚያ ያላቸው የእንጨት አሻንጉሊቶች በርሊን በሚገኝ ሙዚየም ነበሩ። ሃንስ ቤልመር የሚባል ጀርመናዊ አርቲስት እነሱን አይቶ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የራሱን ሠራ። የእሱ ሥራ ለማየት የሚከብድ፣ የሚረብሽ ነው፤ እኔ ቤቴ አላስቀምጠውም። ግን የሥራው ፎቶ እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ በመጽሔት ወጣ። ዮትሱያ ሲሞን የሚባል ወጣት አሻንጉሊት ሠሪ ያን ፎቶ አየ፤ ከዚያ በኋላ አሠራሩ ተለወጠ። ጃፓን ውስጥ በእጅ የሚሠራው የጥበብ አሻንጉሊት እየተስፋፋ የሄደው እንዲህ ነው።

ለእኛ ግን ትልቁ ዓመት እ.ኤ.አ. 1999 ነው። ኪዮቶ ያለው ቮልክስ የተባለ ኩባንያ ሱፐር ዶልፊ የሚባለውን አሻንጉሊት ለገበያ ያወጣው ያኔ ነው። ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቮልክስ ከዚያ በፊት የሚታወቀው ሰዎች ቤታቸው ገጣጥመውና ቀለም ቀብተው በሚጨርሷቸው የሬዚን ሞዴሎች ነበር። ይህን ነገር ያዙልኝ። እነዚህ አሻንጉሊቶች የመጡት ከዚያ ባህል ነው፤ ገዢው እንዲጨርሳቸው ታስበው የተሠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2000 በኋላ የኮሪያ ሠሪዎች ተከተሉ፤ ቀጥለው ደግሞ የቻይናዎቹ። ዛሬ ምርጫው ብዙ ነው፤ ለዚህም ነው አዲስ ሰው የሚደናገረው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ሰው አሻንጉሊት ሲመርጥ ምን ያያል? አዲስ ሰው ቀለሙን ያያል፤ የቆየ ሰብሳቢ ቅርጹን ያያል።

የመጀመሪያዬን ያዘዝኩት በፎቶ ወድጄው ነው። አብራኝ የምትሠራ ኮሪያዊት ነርስ በስልኳ አሳየችኝ። የሌሊት ተረኞች ነበርን። ረጅም ቡናማ ዊግ፣ አረንጓዴ ዓይን፣ ቅላት ያለው ጉንጭ። ልቤ እዚያው ቀረ። ቀብድ ከፈልኩ፤ የቀረውን በየወሩ ከፋፍዬ ጨረስኩ። ከዚያ መጠበቅ ነው። እነዚህ ነገሮች ተሠርተው መደርደሪያ ላይ አይቀመጡም፤ ብዙዎቹ ከታዘዙ በኋላ ነው የሚሠሩት። ወራት ይፈጃል።

ሳጥኑ የመጣ ቀን ቁጭ ብዬ ከፈትኩት። ፊቱ በመከላከያ ተሸፍኗል። ሳነሳው መላጣ ነው፤ ዓይን የለውም፤ ቅንድብ የለውም፤ ከንፈሩ እንደ ገላው አንድ ቀለም ነው። የፊት ቀለም ያለው ተጨማሪ ከፍዬ አላዘዝኩም ነበርና እንደዚያ መምጣቱ ትክክል ነው። ግን ደነገጥኩ፤ እውነት እላችኋለሁ፣ ያ የወደድኩት ልጅ የለም። ፎቶው ላይ የወደድኩት ለካ ፊቱን የቀባችውን የሠዓሊዋን እጅ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ከሥራ ስመለስ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጬው ነበር። ፀሐዩ በጎን በኩል ገባ። ያኔ ነው ያየሁት። የከንፈሩ ጥግ ላይ በጣም ትንሽ ጎድጓዳ አለች። ከላይ ሳየው ያዘነ ይመስላል፤ ዝቅ ብዬ ከታች ሳየው ፈገግ ሊል ነው። ያለ ምንም ቀለም! ሠሪው ያን ጎድጓዳ ያስቀመጠው አስቦበት ነው። ጃፓኖች ኖህ የሚባል የድሮ ቲያትር አላቸው፤ ተዋናዩ ከእንጨት የተሠራ ጭምብል ያደርጋል። ጭምብሉን ቀና ሲያደርገው ፊቱ ይበራል፤ ዝቅ ሲያደርገው ይደምናል። እኔም መስኮቱ ጋ ያየሁት ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምለው ይህንን ነው፤ ያልተቀባውን ራስ ፎቶ ፈልጉ። ከፊት ብቻ ሳይሆን ከጎንም እዩት። አፍንጫውና አገጩ የሚለዩት ከጎን ነው። ኩባንያው ያነሳውን ብቻ ሳይሆን ገዝተው ቤታቸው ያስገቡ ሰዎች ያነሱትንም እዩ። አንድ ራስ በአሥር ሰው እጅ አሥር ሰው ሆኖ ካያችሁት ጥሩ ቅርጽ ነው። በሰፊው የሚስቅ ፊት መጀመሪያ ይማርካል፤ ግን ሲያዝንም ይስቃል፣ ሲተኛም ይስቃል። እኔ ዝም ያለ ፊት እመርጣለሁ።

ዓይኑ ላይም ትንሽ ልቆይ። ዓይን ለብቻው ነው የሚገዛው። የራስ ቅሉ ከኋላ እንደ ክዳን ይከፈታል፤ ዓይኑ ከውስጥ በኩል በሚለጠፍ ለስላሳ ነገር ይያዛል። ብርጭቆ አለ፣ አክሪሊክ አለ፣ ሲሊኮን አለ። ልኩ በሚሊ ሜትር ነው፤ 14፣ 16 እየተባለ ይሄዳል። የሁለት ሚሊ ሜትር ልዩነት ምን ያመጣል ትሉ ይሆናል። ዕድሜ ይለውጣል። ብሌኑ ትልቅ ሲሆን ሕፃን ይመስላል፤ ሲያንስ አዋቂ ይሆናል። አንዳንድ የብርጭቆ ዓይን ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ስትንቀሳቀሱ የሚከተላችሁ ይመስላል። ዓይኑ የሚገባበት ቀዳዳ ውስጡ በደንብ ካልተስተካከለ ግን ዓይኑና ሬዚኑ መሃል ክፍተት ይታያል፤ ውዱም ዓይን አያምርም።

ቀጥሎ ገላው። ሰብሳቢዎች «ምን ያህል ይቀመጣል?» ብለው የሚጠይቁት ለዋዛ አይደለም። እኔ የማያቸው ሦስት ነገሮች አሉ። ያለ ድጋፍ ይቆማል ወይ? ሳይንጋለል ቀጥ ብሎ ይቀመጣል ወይ? እጁ ፊቱን ይነካል ወይ? የመጨረሻው ከባዱ ነው። ክርኑ ሁለት ቦታ የሚታጠፍ ድርብ መገጣጠሚያ ከሌለው እጁ መንገድ ላይ ይቀራል። ጉልበቱም እንዲሁ ነው፤ ድርብ ከሆነ ይንበረከካል። የኮሪያው ኩባንያ ፌሪላንድ የሚሠራቸው፣ ሚኒፊ የሚባሉት 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆኑት በዚህ ይታወቃሉ። ላስቲኩ ከመጠን በላይ ከተወጠረ እግሩ ይራገጣል፤ ከላላ ደግሞ ይዝለፈለፋል። መገጣጠሚያው ውስጥ ቀጭን ቆዳ ሲለጠፍበት ሬዚኑ ቆንጠጥ አድርጎ ይይዛል። ይህን ማንም ቤቱ ተቀምጦ ሊሠራው ይችላል።

መጠን ሲባል ሰው ዋጋ ብቻ ያስባል። 60 ሴንቲ ሜትር ያለው ትልቁ ነው፤ 40ው መካከለኛ፤ ከ30 በታች ያሉት ትንንሾቹ ናቸው። እኔ መጠን ምን እንደሆነ የገባኝ እማዬ ስትመጣ ነው። ከሽሮ ሜዳ ነጠላ ይዛልኝ መጣች። አሻንጉሊቱን አየችና ምንም አላለችም። በሁለተኛው ቀን «እስኪ አምጪው፣ ልብስ ላልብሰው» አለች። ከነጠላው ቆርጣ ለመጀመሪያዬ፣ ለመካከለኛው መጠን፣ ሰፋችለት። ጥለቱ ጉልበቱን ሙሉ ሸፈነው። ለእኛ ሁለት ጣት የሆነ ጥለት ለእሱ የቀሚሱ ግማሽ ነው። ጨርቁም ወፍራም ሆነበትና እንደ ጋቢ ቆመ። እማዬ ፈታችው። ቀጭን ጥለት ያለው የሕፃን ነጠላ አስፈለጋት፤ እሱን ስታገኝ ጠርዙን ብቻ ቆርጣ ሰፋችው። ያኔ ልክ ሆነ። እየሰፋች «ትንሽ ሲሆን ስህተቱ ይጎላል» አለችኝ። ልብስ መስፋት የምትወዱ ካላችሁ ትልቁን ምረጡ። ጨርቅ ይቀበላል።

የገላ ቀለምም አለ። እኔን የመሰለ ፈለግሁ። ጠይም ሬዚን ሁሉም ጋ አይገኝም፤ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ያስከፍላል፤ አንዳንዶቹ የሚያወጡት ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው። የኮሪያው ኩባንያ አይፕልሃውስ ጠቆር ባሉ ቀለሞቹና እንደ እውነተኛ ሰው በሆኑ ፊቶቹ ይታወቃል። ጠይሙ ጭረት ቶሎ ይታይበታል፤ ጭረቱ ነጣ ብሎ ይወጣል። ይህን አውቃችሁ ግዙት። ነጣ ያለው ደግሞ በፀሐይ ቢጫ ይሆናል፤ ጥቁር ጨርቅ ከለበሰም ቀለሙን ይጠጣል። ለሁሉም ግን ፀሐይ ጠላት ነው። ያቺ የመስኮቴ ጠዋት የአንድ ሰዓት ነገር ናት። የሚኖሩት መጋረጃ ያለበት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው።

ራስ ከአንድ ኩባንያ፣ ገላ ከሌላ ወስዶ መግጠምም የተለመደ ነው። እኔም ሞክሬ ተሳስቻለሁ። የአንገቱን ዙሪያ ለካሁ፤ በሴንቲ ሜትር ልክ መጣ። ቀለሙን ግን በስክሪን ነው ያየሁት። ሲደርስ ፊቱ ቀላ ያለ፣ ገላው ቢጫ ያለ ሆነ። አንድ ኩባንያ እንኳ ዛሬና የዛሬ ሁለት ዓመት ያወጣው ሬዚን ላይገጥም ይችላል። ራሱና ገላው በተፈጥሮ ብርሃን ጎን ለጎን የተነሱበትን ፎቶ ሳታዩ አትክፈሉ።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ፎርጅድ። የእነዚህ አሻንጉሊቶች ዋጋ ከጥቂት መቶ ዶላር ይጀምርና ከሺህ በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ፎርጅድ አለ፤ ሪካስት ይሉታል። ዋናውን ገዝተው ቅርጹን ይወስዱና በርካሽ ያፈሱታል። አንድ ጊዜ ከአንድ ግለሰብ ሁለተኛ እጅ ገዛሁ። የማረጋገጫ ወረቀቱን ስጠይቅ «ጠፍቶብኛል» አለኝ። ዋጋው ስለጣመኝ ዝም አልኩ። ሲመጣ ጣቶቹ ላይ ጥፍሩ በቅጡ አይለይም። የከንፈሩ መስመር ደብዝዟል። ስለካው ከዋናው ትንሽ ያንሳል፤ ከተሠራ ዕቃ ላይ የተወሰደ ቅርጽ ይጠባል። ያ የከንፈር ጥግ ላይ ያለች ጎድጓዳ፣ ሰው ለወራት የደከመባት፣ እሷ ናት መጀመሪያ የምትጠፋው። ለሠሪውም ምንም አልደረሰውም። ያን አሻንጉሊት አልሸጥኩትም፤ ሌላ ሰው እንዳይታለልበት ቤት አስቀምጬዋለሁ። ወረቀቱን ጠይቁ። ዋናው ሠሪ ወይም ፈቃድ ያለው ሻጭ መሆኑን አረጋግጡ። ገንዘቡ ካልሞላ በየወሩ የሚያስከፍሉ አሉ፤ እኔም እንደዚያ ነው የገዛሁት።

ቀለም ራሳችሁ መቀባት ለምትፈልጉ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ። ለስላሳ ፓስቴል የሚባለው ደረቅ ቀለም በብሩሽ ይቀባል፤ ከሥሩም ከላዩም የሚይዘው ስፕሬይ ይነፋል። ስፕሬዩ ሳንባ ይጎዳል። ውጭ ወጥታችሁ፣ የኬሚካል ማጣሪያ ያለው ጭምብል አድርጋችሁ ሥሩ። ሬዚኑ የፈሰሰበት ማፍሰሻ ቅርጽ ሁለት ግማሽ የተጋጠመበትን መስመር በብርጭቆ ወረቀት ስታለሰልሱም ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ይሁን፤ የሬዚን ብናኝ መተንፈስ የለበትም። ሆስፒታል ስለምሠራ ይህን ሳልል አልወርድም።

እንግዲህ አሁን ጨርቁን እንግለጠው። ሦስት ናቸው። የግራው ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ የእማዬን ነጠላ የለበሰው። የመሃሉ ጠይሟ ናት። የቀኙን ሆን ብዬ ቀለም አልቀባሁትም፤ ዓይንም የለውም። መቅረብ ትችላላችሁ። እጃችሁን ታጠቡ፣ ቅባት ሬዚን ላይ ይቀራል። ቀለበትና አምባር አውልቁ። በክንዱ አታንሱት፤ አንድ እጅ ወገቡ ላይ፣ አንድ እጅ ማጅራቱ ላይ። ከዚያ የቀኙን ወደ መስኮቱ ውሰዱና ቀስ ብላችሁ ቀናም ጎንበስም አድርጉት።