አብሽ መድኃኒት ነው እንዴ?

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እንዴት አረፈዳችሁ! ፋርማሲስት ነኝ፤ ዛሬ ግን የማወራችሁ የአክስቴን ጉድ ነው።

አክስቴ የስኳር ክትትል ከጀመረች ቆየች። ግሊቤንክላማይድ የሚባል ስኳር የሚያወርድ ኪኒን ትወስዳለች። ጎረቤቷ «አብሽ ዘፍዝፈሽ ጠዋት በባዶ ሆድ ጠጪ፣ ስኳርን ድራሹን ያጠፋዋል» አለቻት። ጠጣች። በቀጠሮዋ ቀን ሐኪሙ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ ሲጠይቃት «ኧረ የለም ዶክተር» አለች። አልዋሸችም እኮ! ለእሷ አብሽ የጓዳ ነገር ነው፤ መድኃኒት ማለት ከፋርማሲ የሚገዛው ነው። ከሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት ላብ አጠመቃት፣ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ወሬዋ አልያያዝ አለ። ደግነቱ ልጇ አጠገቧ ነበረች፤ ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣቻት።

አብሽ መርዝ ሆኖ አይደለም። እሱም ስኳር ያወርዳል፣ ኪኒኑም ያወርዳል፤ ሲደራረቡ ከልክ በላይ ሊወርድ ይችላል። ነጭ ሽንኩርትም ወጥ ውስጥ ምንም አይልም፤ ዋርፋሪን የሚባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለጤና ብሎ በየቀኑ ጥሬውን ሲያበዛ ግን የመድማት አደጋው ሊጨምር ይችላል። ኮሶማ ተዉት! ሲበዛ ዓይን እስከማጥፋት ይደርሳል፣ እርጉዝ ደግሞ ጭራሽ አትጠጋው።

ታዲያ ለምን አንናገርም? የሐኪሙን ቁጣ ፈርተን ነዋ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛ የባለሙያዎቹም ነው፤ ገና ዳማከሴ ሲባል ፊቱን የሚያጨማድድ ሐኪም ፊት ማን ደፍሮ ይናገራል? የኤችአይቪ መድኃኒቱን ጥሎ እንጦጦ ፀበል የወጣ ስንቱ ነበር። በ1999 ዓ.ም. የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ፀበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ ይቻላል ብለው በይፋ ተናገሩ። አያችሁ፣ ሰው አንዱን ምረጥ ሲባል ነው የሚደብቀው።

የምትወስዱትን ነገር ስሙን ባታውቁት ቅጠሉን ወይ ዱቄቱን ራሱን ይዛችሁ ሐኪሙ ጋ ሂዱ። ከመቼ ጀምሮ፣ በቀን ስንት ስኒ እንደምትጠጡ ንገሩት። «ዶክተር፣ ይኼ ከኪኒኔ ጋር ይጣላል ወይ?» በሉት፣ በቃ። ብቻ ኪኒኑን በራሳችሁ እንዳታቆሙ።

አክስቴ አሁን ለቀጠሮ ስትሄድ ኪኒኗንም የአብሽ ብልቃጧንም በአንድ ፌስታል ይዛ ነው። ባለፈው ሐኪሙ ብልቃጡን ከፍቶ አሸተተና «እናቴም ይኼን አትለቅም» ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ ቁጭ ብለው ስለ መጠኑ ተነጋገሩ።

በሉ እስቲ፣ ቦርሳችሁ ውስጥ ያለውን አውጡትና እንየው።