ተቀበል

ሰላም፣ ሰላም! እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ድምፄ ከጎረነነባችሁ ጉንፋን ነው፣ ቻሉኝ።

ባለፈው እሁድ፣ ገና ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት፣ የአባቴ ስልክ ጮኸ። አባቴ ስልክ ሲያነሳ «ሃሎ» ብሎ አያውቅም። «ይሰማል!» ነው የሚለው። ከወዲያ ደግሞ «ዜና አለ፣ ተቀበል!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ስፒከሩ ክፍት ነው፣ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። እናቴ ከመኝታ ቤት ሆና «ኧረ በፈጠራችሁ! ስልክ እኮ ነው፣ ሬዲዮ አይደለም!» ትላለች። ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ እንዲሁ ትላለች። ማን ሰምቷት።

የእሁዱ ዜና ምን ነበር መሰላችሁ? «የደብረ ብርሃኑ ሰውዬ የኩላሊት ጠጠሩ ወጣለት። ሁኔታው የተረጋጋ ነው። ተቀበል።» አባቴ «ተቀብያለሁ» ብሎ ዘጋውና እሱ በተራው ሌላ ሦስት ሰው ጋ ደወለ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የዚያችን ጠጠር ነገር ያልሰማ ጓድ አልነበረም።

አባቴ የቀድሞው ሠራዊት አባል ነው። ሰው «የደርግ ወታደር» የሚለው ማለት ነው። እሱ አጠራሩን አይወደውም። «እኔ ያገለገልኩት አገር ነው» ይላል። እዚህ ክርክር ውስጥ ዛሬ አልገባም፤ ከሱ ጋር በየበዓሉ ስለምንከራከርበት ይበቃኛል።

የድሮ ወታደሮች ሲሰበሰቡ ስለ ጦርነት ብቻ የሚያወሩ ይመስላል አይደል? እኔ ቡና እያቀረብኩላቸው ነው ያደግኩት። ጦርነት ሲያነሱ የሰማሁት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው። የሚያወሩት ወሬ ነው። ማን የት አለ? ማን ሥራ አገኘ? የማን ልጅ ማትሪክ አለፈች? ማንን ደም ግፊት ጀመረው? ልጅ ሆኜ ይሰለቸኝ ነበር። ጀግንነት ጠብቄ የሰማሁት ስለ ሪህ ነው።

ነገሩ የገባኝ ከየት እንደጀመረ ሳውቅ ነው።

ግንቦት 1983። መንግሥቱ ኃይለማርያም በ13 ከአገር ወጡ፣ በ16 አስመራ ተያዘች፣ በ20 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። በቃ፣ አንድ ሳምንት። አባቴ ያኔ ኤርትራ ነው፣ ሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት ውስጥ። አዛዥ የለ፣ ትእዛዝ የለ። በከረን በኩል ወደ ሱዳን ከሚጎርፈው ሰው ጋር በእግሩ ከሰላ ገባ። ስለዚያ መንገድ አንድ ነገር ብቻ ነው የነገረኝ። ያገኘውን ሰው ሁሉ «የየትኛው ክፍለ ጦር ነህ?» እያለ ይጠይቅ ነበር። ውሃ አይጠይቅም። ውሃማ ማን አለውና።

ወደ አገር ሲመለስ ጦላይ ካምፕ ገባ። ያኔ የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሥርቶ ነበር። ወደ 455 ሺህ የሚጠጋ ሰው ነው የተሰናበተው። እስቲ አስቡት፣ ትናንት ስንቁም፣ ልብሱም፣ መኝታውም፣ የሚነሳበት ሰዓት እንኳ በሌላ ሰው የሚወሰንለት ሰው ነው። ገጠር የገባው ቢያንስ የሚያርስበት ዘመድ አገኘ። ከተማ የቀረው ግን ቀጣሪ ፊት ቆሞ «እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» ሲባል ምን ይበል? አባቴ አንድ ቦታ «ወታደር ነበርኩ» ብሎ እውነቱን ተናገረ። በሩ ተዘጋ። ሌላ ቦታ ዝም አለ። የመጋዘን የሌሊት ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ።

ጋሽ መገናኛ የሚመጡት እዚህ ላይ ነው። ሰፈሩን እንዳይመስላችሁ! የአባቴ ሻምበል የመገናኛ ወታደር ነበሩ፣ እኛ ልጆች ነን ስሙን ያወጣንላቸው። ሻምበል ስልም ማዕረጉን አይደለም፣ ጦሩን ነው።

ጋሽ መገናኛ አውቶቡስ ተራ ሻንጣ ተሸካሚ ሆኑ። ያኔ የጎንደር፣ የጎጃም፣ የወሎ፣ የሐረር አውቶቡስ የሚገባው እዚያ ነበር። እሳቸው ሻንጣውን ከማየታቸው በፊት አረማመድ ያያሉ። «ወታደር ጋቢም ቢለብስ እግሩ ይናገራል» ይላሉ። ጠጋ ብለው ይጠይቃሉ። የየትኛው ጦር? እገሌን ታውቀዋለህ? የት ነው ያየኸው ለመጨረሻ ጊዜ? መልሱን ብጣሽ ወረቀት ላይ ይጽፉና ለአውቶቡስ ረዳት ይሰጣሉ። ረዳቱ ደሴ ያደርሰዋል። እዚያ ደግሞ ሌላ ጓድ ይቀበላል። ሥራ የሚገኘውም በዚሁ መስመር ነው። የሆነ ቦታ ዘበኛ ሲፈለግ ማስታወቂያ ሳይለጠፍ ጋሽ መገናኛ ሰምተዋል።

ማታ ማታ ደብተራቸውን ያወጣሉ። ይህን ደብተር በእጄ ይዤዋለሁ። ሽፋኑ የለም፣ ጠርዙ በሻይ ቀልሟል። የሻምበሉ ሰው ሁሉ ስም በተራ ቁጥር ተጽፏል፣ ከመቶ በላይ ነው። ከስሙ ጎን በሕይወት ላለ ክብ፣ ለሞተ መስቀል፣ ለማይታወቅ ባዶ። መጋቢት 1980፣ ናደው ዕዝ የሚባለው የሠራዊቱ ክፍል ኤርትራ ውስጥ አፍአበት ላይ ሲመታ የቀሩት ብዙዎቹ ባዶ ናቸው። መስቀል ለማድረግ ያየ ሰው ያስፈልጋል። «ሰማሁ» አይበቃም፤ ያየ።

ስሞቹን ከየት አመጧቸው? ከጭንቅላታቸው። የማታ ስም ጥሪ ሲደረግ በየቀኑ ሰምተውታል። ግን አንድ ነገር አለ። ከመሃል አንድ ስም ብትጠይቋቸው አይመጣላቸውም። ከአንድ ጀምረው፣ እንደ ጸሎት፣ እየጠሩ መውረድ አለባቸው። የፊተኛው የኋለኛውን ይጎትተዋል።

እና አርባ ሦስተኛው ላይ ስም የለም። ጠፋባቸው። ልጁን ያስታውሱታል። ቀጭን ነበር፣ ከሁሉም ዘግይቶ ነበር «አቤት!» የሚለው፣ ድምፁም ገና አልጎረነነም። ስሙ ግን የለም። አባቴም አያስታውሰውም።

እሺ። ማህበሩን ልንገራችሁ፣ ይሄ ያስቀኛል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የድሮ ወታደሮች ተሰብስበው ሲታዩ ጥርጣሬ ነበር። ወይም እነሱ እንደዚያ ፈርተው ነበር። ስለዚህ የሚካኤል ጽዋ ማህበር መሠረቱ፣ ወር በገባ በ12። ከአባላቱ ሁለቱ ሙስሊም ናቸው። አንደኛው እስከ ዛሬ በየወሩ ስኳርና ቡና ይዘው ይመጣሉ፣ ጠበሉ ሲዞር በረንዳ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ሲያልቅ ይገባሉ። ተራቸው ሲደርስ ቤታቸው ይደገሳል፣ ሥጋው ግን ለየብቻ ነው። «እኔ የሚካኤል ጸሐፊ ነኝ» እያሉ ይፎክራሉ፤ እውነትም መዝገቡን የሚይዙት እሳቸው ናቸው።

ከመዋጮው የሰው ቤት ኪራይ ተከፍሏል፣ አስከሬን ወደ አገር ቤት ተልኳል፣ የእኔ የመጀመሪያ ዩኒፎርምም ተገዝቷል። ይህን ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ ስጨርስ ነው።

በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ የቀድሞው ሠራዊት ሰዎች እንደገና ተፈለጉ። አባቴ አንድ ጆሮው አይሰማም፣ መለሱት። ከማህበሩ አራት ሰው ሄደ። ደብተሩ ላይ ያሉ ሁለት ክቦች መሃላቸው መስቀል አለ። ስለዚህ ከዚህ በላይ አልልም፤ አባቴ ይሰማኛል።

ከዚያ ሐምሌ 2010 መጣ። የኤርትራና የኢትዮጵያ ስልክ ሲከፈት ትዝ ይላችኋል? ሰው የማያውቀው ቁጥር ላይ እየደወለ «ሰላም ብቻ ልላችሁ ነው» ይል ነበር። ጋሽ መገናኛም ደወሉ። በአጋጣሚ ያነሱት ሰው የሻዕቢያ ታጋይ የነበሩ፣ እኩያቸው፣ አማርኛ የሚችሉ። መጀመሪያ የተጠያየቁት «የት የት ነበርክ?» ነው። አንድ ተራራ፣ አንድ ዓመት፣ ፊት ለፊት። ጋሽ መገናኛ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ አርባ ደቂቃ አወሩ። አባቴ ጓጉቶ «ምን አለህ?» ሲላቸው፣ «ያ ሲተኩስብን የነበረ ሰውዬ ስኳር አለበት። ጤፍ ይሻለዋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ» አሉት። ቁጥሩ አሁን አይሠራም። ደብተሩ ላይ ግን ተጽፏል፣ ከኋላ ገጽ፣ ብቻውን። ክብ ተደርጎበት።

ይህን ሁሉ ለምን አሁን አነሳሁት? የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 2015 ከተፈረመ በኋላ ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሲቪል ሕይወት የመመለስ እቅድ ወጣ። ዜናው በወጣ ቁጥር ስለ ስልጠና፣ ስለ መቋቋሚያ ገንዘብ ይነገራል። ይነገር፣ ያስፈልጋል። እኔ ግን ካምፑን ለቆ አውቶቡስ ላይ ስለሚወጣው ልጅ አስባለሁ። ሲወርድ በአረማመዱ የሚያውቀው፣ ጠጋ ብሎ «የየትኛው ጦር ነህ?» የሚለው ሰው አለ? የሱን ስም የጻፈ ደብተር ማን ጋ ነው ያለው? እውነቱን ለመናገር፣ አባቴን ሰው ያደረገው ጋሽ መገናኛ ይመስለኛል። እናቴ ደግሞ እኔ ነኝ ትላለች። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ መገናኛን በስልኬ ልቅዳቸው አልኩ። «አንቺ ልጅ፣ ምን ያደርግልሻል?» አሉኝ። ደስ ብሏቸዋል ግን። አይናቸውን ጨፍነው ከአንድ ጀመሩ። ደብተሩን አላዩም። እየጠሩ፣ እየጠሩ፣ አርባ ሁለት ደረሱ። ከዚያ ቆሙ። ቅጂውን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፣ ልክ አንድ ስም ለመጥራትና «አቤት» ለመባል የሚበቃ ጊዜ ነው። አባቴ አጠገባቸው ነበር። ምንም አላለም። እሳቸውም ወደ አርባ አራት ሄዱ።

ቅጂውን ላሰማችሁ አስቤ ነበር፣ ግን ስሞች ስላሉበት…

ቆይ። ሰማችሁት? የአባቴ ስልክ ነው። ይኸው፣ «ይሰማል!» አለ። እናቴ አሁን ትጀምራለች። ልሂድና ምን እንደሆነ ልስማ። ቻው።