ገመዱ ከመዘርጋቱ በፊት
(ለተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ትምህርት ክፍል አዲስ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣

ይህ ትምህርት ክፍል ለብዙዎቻችሁ የመጀመሪያ ምርጫ እንዳልነበረ እገምታለሁ፤ የእኔም አልነበረም። ቤተሰቦቼ ሐኪም ይሆናል ብለው ሲጠብቁ፣ ልጃቸው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆኖ ገጠር ወረደ። ሥራው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀበሌ ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ወረዳ የተፋሰስ ባለሙያነት፣ ወደ ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት፣ ወደ ምርምር ማዕከል ወይም ወደ ግብረ ሠናይ ድርጅት ይዘልቃል። ደመወዙ ትንሽ፣ መንገዱም ሩቅ መሆኑን አልደብቃችሁም።

በተመደብኩበት ቀበሌ የመጀመሪያ ሥራዬ የእርከን መስመር ማውጣት ነበር። መሣሪያው ቀላል ነው፦ በሴንቲ ሜትር ምልክት የተደረገባቸው ሁለት እንጨቶች፣ በመካከላቸው 10 ሜትር ገመድ፣ ከገመዱ እኩሌታ ላይ የተንጠለጠለ ውሃ ልክ። ሁለት ሰዎች እንጨቶቹን ይይዛሉ፤ ሦስተኛው ጎንበስ ብሎ አረፋዋ መሐል ላይ ስትቆም «ቸክል!» ይላል። መስመሬ እንከን አልነበረበትም። በሳምንቱ ስመለስ ግን በመስመሩ ላይ የተሠራውን የድንጋይ ካብ ሦስት ቦታ ላይ ፈርሶ አገኘሁት። መቆጣቴን ያዩ አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ከብቱ ወንዝ የሚወርደው በየት በኩል ነው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

የመንዝ ሰዎች ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ከብዙ ትውልድ በፊት መልስ አበጅተውለታል። በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኘው የጓሳ ምድር ቄሮ በተባለ ባህላዊ ሥርዓት ይተዳደር ነበር፤ ሣሩ እስኪያገግም ለዓመታት ከሰውና ከከብት ንክኪ ተከልሎ ይቆይና፣ ጊዜው ሲደርስ በመሪዎቹ ውሳኔ ለአጨዳና ለግጦሽ ይከፈታል። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የይዞታውን ሁኔታ ሲለውጥ ሥርዓቱ መሠረቱን አጣ፤ ኋላ ግን ነዋሪዎቹ በመተዳደሪያ ደንብና በኮሚቴ ጥበቃውን መልሰው አቋቋሙ። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚታዩበት ስፍራ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ፣ ያ የጥንት ደንብ ለቀበሮው ተብሎ አለመውጣቱ ነው፤ የወጣው ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለግጦሽ የሚሆነው ሣር እንዳያልቅ ነበር።

ስለዚህ የማኅበረሰብና የመሬት ሕግ ኮርሶችን ውጤት ማሟያ አድርጋችሁ እንዳትወስዷቸው አደራ እላለሁ። ጂአይኤስ (የመሬት መረጃን በኮምፒዩተር ካርታ ላይ ማስፈሪያ ዘዴ) ተማሩ፣ የአፈር ምርመራም ተማሩ፤ የሳተላይት ምስል የከብቱን መንገድ ያሳያችኋል፣ በዚያ መንገድ ማን በየትኛው ወር እንደሚያልፍ የሚነግራችሁ ግን እዚያው የሚኖረው ሰው ነው።

ካቡን እንደገና ስንሠራ አዛውንቱ ከፊት ሆነው ከብቱ የሚያልፍበትን በዘንጋቸው አመለከቱ። እኔም ውሃ ልኬን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ከኋላቸው ተከተልኩ።

አመሰግናለሁ።