ፕሮስቴቱንም ቁረጡት

ውድ የሙያ አጋሮቼ፣ የደብረ ዘይት ጓደኞቼ፣ እንኳን በሰላም ተገናኘን።

አዘጋጆቹ ስለ ጦጣ፣ ዝንጀሮና ቺምፓንዚ የፕሮስቴት (ከሽንት ፊኛ ሥር የሽንት ቱቦውን የከበበው የወንድ እጢ) በሽታ ጠቅለል ያለ ገለጻ እንዳቀርብ ጠይቀውኛል። አቀርባለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ከሆዴ ላውጣ።

አሜሪካ ስሠራ አንድ ሽማግሌ ቺምፓንዚ ነበር። ዕድሜው ከ40 አልፏል። ጠዋት ጠዋት የብረት አጥሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ይቆማል። ትንሽ ይሸናል፣ ያቆማል። ደግሞ ጠብ ጠብ። ተንከባካቢው «እርጅና ነው» ይለኛል። እኔም ዝም አልኩ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሲሞት የፈለግነው ልቡን ነበር፤ በሰው እጅ ያለን ቺምፓንዚ ብዙ ጊዜ የሚገድለው የልብ በሽታ ነውና። በሽታውን አገኘነው፣ የአስከሬን ምርመራ ቅጹም ተሞላ። የሽንት ፊኛውን ስይዘው ግን ግድግዳው ወፍሮ ጠጥሯል። ወደ ታች ወረድኩ። ፕሮስቴቱን ለሁለት ስሰነጥቀው እባጮቹ የሽንት ቱቦውን ከግራና ከቀኝ ጨምቀው ቀጭን ስንጥቅ ብቻ አስቀርተውታል። ያ ሽማግሌ ስንት ጊዜ አምጦ ኖሯል! አባቶቻችን ሌሊት ሦስቴ አራቴ ሲነሱ አይተን የለም እንዴ?

ቅጹ ላይ ደግሞ ለፕሮስቴት የሚሆን አንዲት መስመር አልነበረችም!

ከዚያ መጻሕፍቱን ስንገልጥ «በእነዚህ እንስሳት ላይ የፕሮስቴት ካንሰር ብርቅ ነው» ይሉናል። እውነት ነው፣ የተመዘገበው ጥቂት ነው። ግን የስንቱን ቆርጠን አይተናል? ጎተራውን ሳንከፍት እህል የለም እንላለን? ይህ ሳይንስ አይደለም፣ ስንፍና ነው!

ወደ ተጠየቅኩት ልመለስ። ውሻም ሲያረጅ ፕሮስቴቱ ያድጋል፤ ፒኤስኤ (ሐኪሞች በሰው ደም ውስጥ የሚለኩት የፕሮስቴት ፕሮቲን) ግን የለውም። አይጥም የላትም። ሪሰስ የተባለው የእስያ ጦጣ ግን አለው። የሪሰስ ፕሮስቴት የላይና የታች ክፍል አለው። የታችኛው፣ በሰው ላይ ካንሰር አብዝቶ ከሚነሳበት ከዳርኛው ክፍል ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ ከአንድ ጥግ ቆንጥሮ ለምርመራ መላክ አይበቃም።

የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም በ2015 እ.ኤ.አ. በቺምፓንዚ ላይ የሚደረግ የሕክምና ምርምርን መደገፍ አቁሟል። ከቤተ ሙከራ የወጡት ዛሬ መጠለያ ውስጥ እያረጁ ነው።

እባካችሁ፣ ሽማግሌ ወንድ ሲሸና ቆም ብላችሁ እዩት። ከሞተባችሁም ፕሮስቴቱን ከሽንት ቱቦው ሳትለዩ ሙሉውን ፎርማሊን ውስጥ አስቀምጡልኝ። በማይክሮስኮፕ የሚታየውን ስላይድ እኔ አያለሁ።