የሰውን ስም ሳንነካ መዝገብ ማስተካከል

ጤና ይስጥልኝ። ውድ ተማሪዎች፣ መምህራን፣ በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የያዛችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ አጭር ስክሪፕት፣ ማለትም ኮምፒውተር ተራ በተራ ስለሚፈጽመው የትእዛዝ ዝርዝር ነው። ከሠንጠረዥ ስም ያነባል፣ መልሶ አንድ ነገር ይጽፋል። ትልቁ ጥያቄ የት ይጻፍ የሚለው ነው።

ችግሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፀሐይ የምትባል ታካሚ ካርድ ክፍል መጥታ ስሟን ትናገራለች። ሠራተኛዋ «ጸሀይ» ብላ ትፈልጋለች። የለም። አዲስ ካርድ ይወጣላታል። የማይስማማት መድኃኒት የተጻፈበት የድሮ ካርዷ ግን ሳይታይ ይቀራል። ይህ ስም በስንት መንገድ ይጻፋል? የመጀመሪያው ፊደል ጸ ወይም ፀ ነው። ሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል። ሲባዛ 12 ይመጣል። ለጆሯችን ሁሉም አንድ ናቸው። ኮምፒውተር ፊደላትን በቁጥር በሚለይበት በዩኒኮድ ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ስላለው ኮምፒውተሩ 12 የተለያየ ስም ያያል።

ቶሎ የሚመጣልን ሐሳብ «ሁሉንም ወደ ሀ ቀይረን እንገላገል» የሚል ነው። መዝገብን በሚቀይረው በአፕዴት ትእዛዝ በቅጽበት ያልቃል። እባካችሁ አታድርጉት! ኃይሉ የሚባል ሰው መታወቂያው ላይም፣ ዲፕሎማው ላይም በ«ኃ» ነው የተጻፈው። እኛ መዝገቡን «ሀይሉ» ብናደርገው ነገ «ስምህ አይመሳሰልም» ተብሎ የሚንከራተተው እሱ ነው።

ይልቅ ከስሙ ጎን አንድ አምድ ጨምሩ፤ «መፈለጊያ» በሉት። ከዚያ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ፋንክሽን (የተቀበለውን ቀይሮ የሚመልስ ትንሽ ፕሮግራም) ጻፉ። ስም ይቀበልና ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ይመልሳል፤ ከካዕብ እስከ ሳብዕ ያሉትንም እንደዚያው። ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ ማምጣቱንም አትርሱ። ሠንጠረዦችን በአንድ ፋይል በሚይዘው ዳታቤዝ፣ በኤስኪውላይት ላይ፣ በጣም የምወደው ነገር እዚህ ጋ ይመጣል። «ክሪኤት ፋንክሽን» በሚባለው በኩል ካስመዘገባችሁት፣ የራሳችሁን ፋንክሽን ኤስኪውኤሉ (ዳታቤዙን የምናዝበት ቋንቋ) ውስጥ በስሙ ትጠሩታላችሁ። ፓይተን ከ2.5 ጀምሮ ኤስኪውላይትን ይዞ ስለሚመጣ ለብቻው የሚገዛ ነገር የለም። ሠራተኛዋ የምትፈልገው ስምም በዚያው ፋንክሽን ይለፍ። ያኔ «ጸሀይ» ብትልም ፀሐይን ታገኛታለች።

አሁን መፈለጊያውን አምድ ወደ መጻፉ። ከሁሉ በፊት ፋይሉን ኮፒ አድርጉ። ቀጥሎ በማንበቢያው ትእዛዝ በሴሌክት አፕዴቱ የሚነካውን አንብቡ፤ ስንት ረድፍ እንደሆነ ያዙ። ከዚያ አፕዴቱን አስኪዱ፤ «ሮውካውንት» ስንት ረድፍ እንደተቀየረ ይነግራችኋል። ሁለቱ ቁጥሮች ከገጠሙ ኮሚት (ለውጡን አጽኑ)፣ ካልገጠሙ ሮልባክ (ለውጡን መልሱ)። የትኞቹ ረድፎች እንደሚነኩ የሚወስነው «ዌር» ከተረሳ ሠንጠረዡ በሙሉ ይቀየራል፤ ስክሪፕቱም «እርግጠኛ ነህ ወይ?» ብሎ አይጠይቃችሁም። ከሰው የመጣ ጽሑፍ ደግሞ ትእዛዙ ውስጥ በተተወው የጥያቄ ምልክት (?) ቦታ ይግባ እንጂ ከትእዛዙ ጋር አትቀጥሉት።

አንድ ነገር ልጨምር። መፈለጊያው ሁለት ካርድ ሲያገኝ ስክሪፕቱ ራሱ እንዲያዋህዳቸው አትፍቀዱ። ሞክሼዎች ሊሆኑ ይችላሉ። የአያት ስምና የትውልድ ዘመን ያሳያት፤ ውሳኔው የሠራተኛዋ ይሁን።

የልምምዱ ሠንጠረዥ ኮምፒውተራችሁ ላይ አለ፤ ስሞቹ የፈጠራ ናቸው። ስለሰማችሁኝ አመሰግናለሁ፤ እንጀምር።