የላቲኑ ጉበት ወዴት ሄደ?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የቋንቋ ተማሪዎች፦

የጥንት ሮማውያን በቋንቋቸው በላቲን ጉበትን «ኢዬኩር» ይሉት ነበር። ዛሬ ሮም፣ ማድሪድ ወይም ቡካሬስት ሥጋ ቤት ገብታችሁ ኢዬኩር ብትሉ የሚረዳችሁ አታገኙም። ቦታውን የወሰደው የበለስ ስም ነው፤ የቁልቋሉ ሳይሆን የዛፉ በለስ።

ነገሩ የተጀመረው ከማድቤት ነው። ግሪኮችም ሮማውያንም ጉበቱ እንዲወፍርና እንዲጣፍጥ እንስሳትን በበለስ ያደልቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ79 ቬሱቪየስ ሲፈነዳ የሞተው ሮማዊ ጸሐፊ ሽማግሌው ፕሊኒ፣ ዐሣማን በደረቅ በለስ አደልቦ፣ ማር የገባበት ወይን አጠጥቶ ማረድን አፒኪየስ የተባለ ሮማዊ እንደፈጠረው ጽፏል። በበለስ የደለበው ጉበት በግሪክኛው አባባል አምሳያ «ኢዬኩር ፊካቱም» ተባለ። ፊኩስ በለስ ነው። ሰው በአፉ ሲያሳጥረው ጉበት የሚለው ወደቀና በለስ የሚለው ቀረ። ውሎ አድሮም በለስ ቀምሶ የማያውቅ የበሬ ጉበት፣ የሰውም ሳይቀር፣ ፊካቱም ሆነ። ይህን ያዘዘ ንጉሥ፣ ያጸደቀ ሊቅ የለም። አራጆች፣ ወጥ ሠሪዎችና ገበያተኞች ያደረጉት ነው፤ እኔን የሚያስደንቀኝም ይህ ነው። የቋንቋ ታሪክ ስታጠኑ ከባለቅኔዎቹ እኩል እነሱን አድምጡ እላለሁ።

ጣሊያኖች ፌጋቶ አሉት፤ ደፋርንም «ጉበት አለው» ይላሉ፣ እኛ ወኔ አለው እንደምንለው። ፖርቱጋሎች ፊጋዱ አሉ። በስፔን ምድር በካስቲል የቃሉ መነሻ «ፍ» ወደ «ህ» ላላች፣ ኋላም ድምጿ ጠፋ፤ ስፔኖች ዛሬ «ህ»ን ይጽፏታል እንጂ አያነቧትም፤ ኢጋዶ ነው የሚሉት። ጣሊያንና ስፔን ቃሉን መጀመሪያው ላይ ሲጫኑት፣ ሮማኒያ ግን ፊካት ብላ «ካ» ላይ ትጫነዋለች። ስለዚህ በላቲኑ ዘመንም ሁለት አነጋገር ነበረ ማለት ነው። ከሁሉም የራቀችው ፈረንሳይ ናት፦ መሐል ያሉት ድምፆች ቦታ ተለዋወጡ፣ ከዚያም ተሸረሸሩ፣ በመጨረሻ «ፏ» ብቻ ቀረ። ፏ ከፊካቱም መወለዱን በጆሮ ብቻ ማን ያምናል?

ግሪክ ውስጥም ያው ሆኗል፤ ሕዝቡ ጉበትን ዛሬ ከበለስ በወጣው ስም ሲኮቲ ይለዋል። የቀድሞው ቃል ሄፓር ግን ከሐኪሞች ጋር ሰነበተ፤ እኛም ሆስፒታል ሄደን ሄፓታይተስ ስንመረመር የምንጠራው እሱን ነው።

አመሰግናለሁ።